የማን ወገብ ነው?

ሦስት ቀን ሙሉ የአባቴን ወገብ ኮምፒውተር ላይ ስስል ቆየሁ። በአራተኛው ቀን የአባቴ አለመሆኑን አወቅኩ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

የማስተርስ ጥናቴ የታችኛው አከርካሪ የኮምፒውተር ሞዴል ነው። በትምህርት ሜካኒካል ኢንጂነር ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት ያሳየኛል። አንዱ የሰፈር ልጅ እንዲያውም «ጋራዥ ትከፍታለህ ስንል ወጌሻ ሆነህ ቁጭ አልክ?» ብሎኛል። አልፈረድኩበትም። መጀመሪያ የያዝኩት ርዕስ የውሃ ፓምፕ ነበር። ወገብ ውስጥ የገባሁት በአባቴ ምክንያት ነው።

አባዬ እህል በረንዳ ጫኝና አውራጅ ነበር። 22 ዓመት። ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና፣ ኩንታል በጀርባ። አሁን 61 ዓመቱ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ መጀመሪያ በጎኑ ይዞራል፣ ከዚያ አንድ እጁን ፍራሹ ላይ ይተክላል፣ ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ ያወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ የሆነ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ዝም ብሎ ትንሽ ይቀመጣል። ማሰሪያ ያለው ጫማ ካደረገ ዓመታት አልፈዋል። ምን ሆነህ ነው ሲሉት መልሱ አንድ ነው። «ብርድ መቶኝ ነው።» 22 ዓመት ኩንታል ተሸክሞ ጥፋተኛው ብርድ!

ወደ ሞዴሉ ልመለስ። ወገባችን ላይ አምስት የአከርካሪ አጥንቶች አሉ። ሐኪሞች ከላይ ወደ ታች ኤል 1፣ ኤል 2 እያሉ እስከ ኤል 5 ይጠሯቸዋል። በየመሃላቸው ዲስክ አለ። (ሰው «ዲስክ አለብኝ» ሲል ሁሌ ሳቄ ይመጣል። ዲስክ የሌለበት ማን አለ?) የዲስኩ መሃል ውሃ የጠገበ ጄል መሳይ ነገር ነው። ዙሪያውን ደግሞ በቃጫ ንብርብሮች ተጠቅልሏል። የአንዱ ንብርብር ቃጫ ወደ ግራ 30 ዲግሪ ገደማ ካጋደለ፣ የሚቀጥለው ወደ ቀኝ ያጋድላል። የተቀደደ የድሮ የጭነት መኪና ጎማ አይታችሁ ከሆነ፣ ውስጡ የሚታየው የተሰባጠረ ክር ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ነው ነገሩ የኔም ሙያ እንደሆነ የገባኝ።

ኮምፒውተሩ ይህን የመሰለ ውስብስብ ቅርጽ እንዳለ ሊያሰላው አይችልም። ስለዚህ ቅርጹን ብዙ ሺህ ትንንሽ ጡቦች አድርገን እንከትፈዋለን። ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው ዘዴ ይሄው ነው። የጡቦቹ መረብ ደግሞ ሜሽ ይባላል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጡብ ምን ያህል ግትር እንደሆነ እንነግረዋለን። የአጥንቱ ጠንካራ ቅርፊት ብዙ ሞዴሎች ላይ 12,000 ሜጋ ፓስካል (የግትርነትም የግፊትም መለኪያ ነው) ተብሎ ይገባል፣ የውስጡ ስፖንጅ መሳይ አጥንት ደግሞ 100 ገደማ። ከታች እንቸነክረዋለን፣ ከላይ እንጭንበታለን፣ «ራን» እንላለን፣ መብራት እንዳይሄድ እንጸልያለን።

ጸሎቱ ቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት የጀመረ ስሌት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማንን እንደምሳደብ ግራ ገባኝ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ እንምጣ። ሞዴል ስትሠራ ትክክል መሆኑን በምን ታውቃለህ? ከእውነተኛ ሰው ጋር በማስተያየት ነዋ። ግን ከየትኛው ሰው?

በዚህ ሙያ ውስጥ ሁላችንም የምንጠቅሰው አንድ ሙከራ አለ። ጀርመን አገር፣ ኡልም ከተማ፣ ቪልከ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሠርተውት በ1999 የታተመ ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ኤል 4 እና ኤል 5 መሃል ያለው ዲስክ ውስጥ ቀጭን የግፊት መለኪያ አስገቡ። ሕያው ሰው ላይ ማለት ነው። ከዚያ ተኛ፣ ቁም፣ ቁጭ በል፣ ሳቅ፣ ዕቃ አንሳ እያሉ አንድ ቀን ያህል ለኩት።

ሲተኛ 0.1 ሜጋ ፓስካል። ሲቆም 0.5። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው ነፋስ 0.22 ገደማ ነው፤ ጎሚስታው 32 የሚለው። እንግዲህ ዝም ብላችሁ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ ወገባችሁ ውስጥ ከጎማ ከእጥፍ በላይ ግፊት አለ ማለት ነው። ያ ሰውዬ 20 ኪሎ ዕቃ ጎንበስ ብሎ፣ ጀርባውን አጉብጦ ሲያነሳ ደግሞ 2.3 ደረሰ። አሥር ጎማ! ያንኑ ዕቃ ከጉልበቱ በርከክ ብሎ ሲያነሳ 1.7። ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሲይዘው 1.1፣ ከደረቱ 60 ሳንቲ ሜትር አርቆ ሲይዘው 1.8።

20 ኪሎ ማለት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ነው። ቢጫው ጀሪካን። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቁጥር የቤተ ሙከራ ቁጥር አይደለም። እናቴ ያንን ጀሪካን ከበርሜሉ አጠገብ ስታነሳ ሁልጊዜ ክንዷን ዘርግታ፣ ቀሚሷ እንዳይረጥብ ከሰውነቷ አርቃ ነው የምትይዘው። ሜጋ ፓስካሉን ነገርኳት። «ታዲያ አንተ አታነሳውም?» አለችኝ። ልክ ናት።

ሌላም የምወደው ቁጥር አለ። ሰውዬው ማታ ሲተኛ 0.1 የነበረው ግፊት ጠዋት 0.24 ሆኖ ተገኘ። ዲስኩ ሌሊቱን ውሃ ሲመጥ አድሮ ነው። ቀን በሸክም ይጨመቃል፣ ሌሊት መልሶ ይጠጣል። ሁላችንም ጠዋት ትንሽ ረዘም፣ ማታ ትንሽ አጠር የምንለው ለዚህ ነው።

ቆንጆ ሙከራ ነው። ግን የተለካው አንድ ሰው ነው። አንድ። 45 ዓመቱ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን፣ ጤነኛ፣ ራሱም የአጥንት ሐኪም። እኔም፣ ቻይና ያለው ተማሪም፣ ካናዳ ያለውም፣ ሞዴላችን ልክ መሆኑን ለማሳየት እሱ ሰውዬ ወገብ ላይ እናስደግፈዋለን። የቀረው መረጃ ደግሞ አብዛኛው አካላቸውን ለሳይንስ ከለገሱ ሟቾች የመጣ ነው፣ ጡንቻው ተገፎ፣ አጥንቱና ጅማቱ ብቻ ቀርቶ።

ጡንቻው ሲነሳ ምን እንደሚቀር ታውቃላችሁ? በ1992 የታተመ ክሪስኮ የሚባል ተመራማሪ ጥናት አለ። አጥንት፣ ዲስክና ጅማት ብቻ ያለውን የወገብ አከርካሪ አቁመው ከላይ ሲጫኑት 90 ኒውተን አካባቢ ላይ ተጣጠፈ። 9 ኪሎ ማለት ነው። ከወገባችን በላይ ያለው የራሳችን ገላ ብቻ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። አንድ ሙሉ ጀሪካን እንኳን ያልቻለው ይህ ዓምድ ነው አባቴ ላይ 22 ዓመት ኩንታል ሲሸከም የኖረው። ቀጥ አድርገው የያዙት ጡንቻዎቹ ናቸው።

መጀመሪያ የሠራሁት ሞዴል ጡንቻ የሚባል ነገር አልነበረውም። ከላይ ቀጥ አድርጌ 500 ኒውተን ጫንኩበት፤ እንደ እርጥብ ቄጠማ ወደ ጎን እጥፍ አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስህተቱን ሜሹ ውስጥ ፈለግኩት። ስህተቱ ሜሹ ጋ አልነበረም። መፍትሔው ከኔ በፊት ተገኝቷል። በ1999 ፓትዋርድሃን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳየው ነው፤ ሸክሙን ከላይ ቀጥ አድርገህ ከመጫን ይልቅ፣ የአከርካሪውን ጉብጠት ተከትሎ ከአጥንት ወደ አጥንት እንዲሄድ ታደርገዋለህ። ያን ጊዜ ያው አከርካሪ ሳይጣጠፍ 1,200 ኒውተን ቻለ። መቁጠሪያ አስቡ። ክሩ ላልቶ ሲሆን ይዝረከረካል፣ ክሩን ወጠር ስታደርጉት ግን ፍሬዎቹ ተያይዘው እንደ በትር ይቆማሉ። ጡንቻ የሚሠራውን ሥራ በግምት በክር ተካነው ማለት ነው።

ይህን ማታ ለአባዬ ላስረዳው ስሞክር ስልኩን አስቀምጦ ተነሳ። ቀስ ብሎ ነው የተነሳው። ከዚያ እግሩን ከፈት አደረገ፣ ጉልበቱን ሰበር አደረገ፣ ሁለት እጁን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ላከ።

«ሁለት ሰው ነው የሚያሸክምህ» አለ። «ሲጥሉብህ ትንፋሽህን ይዘህ መጠበቅ ነው። ሆድህ ድርቅ ይላል። ያኔ ትንፋሽ ካመለጠህ አለቀልህ፣ ትታጠፋለህ።»

ሆዱን አሳየኝ። እውነትም ድርቅ ብሏል። ድሮ ነጠላ ወገቡ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይጠመጥም እንደነበር እናቴ ከጓዳ ጨመረችበት። ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር የሰውነት ግንድ እንደሚደድር መጽሐፎቹም ይላሉ፤ እኔም አንብቤው ነበር፣ አስምሬበትም ነበር። ሞዴሌ ውስጥ ግን የለም። ሆድ የለውም። ትንፋሽ የለውም። እዚያው እንደቆመ «እና የአንተ ሰውዬ ስንት ኪሎ ነው የሚያነሳው?» አለኝ። 20 አልኩት። ምንም አላለም፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

አሜሪካኖቹ ናዮሽ የሚባለው የሥራ ቦታ ደህንነት ተቋማቸው ያወጣው ቀመር ላይ፣ ሁሉ ነገር ተመቻችቶ እንኳን አንድ ሠራተኛ እንዲያነሳ የሚመከረው ትልቁ ክብደት 23 ኪሎ ነው። ይህን አልነገርኩትም።

የራሱን ወገብ መሥራት አለብኝ ብዬ የተነሳሁት በዚያ ሰሞን ነው። በፊት የምጠቀምበት ከኢንተርኔት ያወረድኩት፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው የሲቲ ስካን ምስል ነበር። አባዬ ደግሞ ዓምና ኤም አር አይ ተነስቷል። ፊልሙ ቤት አለ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ በትልቅ ፖስታ። ፊልም ግን ለኔ ሥራ አይሆንም፤ ፋይሉ ራሱ ያስፈልጋል። ምስሉን ያነሱት ቦታ (ስሙ ይቅር) ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ልጅቷ ሲዲ ሰጠችኝ። ሲዲ ማንበቢያ ያለው ኮምፒውተር ፍለጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ነበር ያገኘሁት፣ በ20 ብር ፍላሽ ላይ ገለበጠልኝ።

ከፈትኩት። ሥራው ይሄ ነው፤ ምስሉ እንደ ዳቦ ተቆራርጦ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የአጥንቱንና የዲስኩን ዳር በማውስ ትስላለህ፣ ቁራጮቹ ሲደራረቡ ቅርጹ ይወጣል። የወገብ ኤም አር አይ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ስላለው በመሃል ያለውን መገመት ነው፣ ዓይን ያጠፋል። አምስት ኪሎ ካለች አንዲት ጠባብ ካፌ ጥግ ይዤ፣ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን እየተቀመጥኩ (አስተናጋጇ ትታገሰኛለች) ሦስት ቀን ሳልኩ።

ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚህ ዓይነት ምስል ላይ ውሃ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ጤነኛ ዲስክ መሃሉ ነጣ ይላል፣ የደረቀ ዲስክ ይጠቁራል። የአባቴ አምስቱም ዲስክ ነጭ ነበር። ቁመታቸው ሙሉ። «አይ አባዬ፣ እውነትም ብርድ ነው እንዴ የመታህ?» አልኩ በሆዴ። ሰው የሚፈልገውን ሲያገኝ አይመረምርም። በአራተኛው ቀን የምስሉን ልኬት ፈልጌ ከፋይሉ ጋር ያለውን ጽሑፍ ከፈትኩ። ጾታ፣ ሴት። ዕድሜ፣ 28።

ወገቤን! እናቴ ብትሆን እንዲህ ነበር የምትለው።

ፋይሉን አጠፋሁ፣ ሲዲውን መለስኩ፣ ተጨቃጨቅኩ፣ ትክክለኛውን ተቀበልኩ። ማታ ለአባዬ ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። ዝም አለ። ከዚያ፣ «እና ያቺ ልጅ የእኔን ወስዳ ይሆን?» አለኝ። «በ28 ዓመቷ ይህን ወገብ ይዛ ሐኪም ጋ ሄዳ… ደንግጣ ይሆናል፣ ምስኪን።» ይህ ለእኔ አልታሰበኝም ነበር። በማግስቱ ደውዬ እንዲያጣሩ ነገርኳቸው፤ አጣራን፣ የእሷ ፋይል እጇ ላይ ነው አሉኝ። አባዬ እስከዛሬ አላመነም።

ከካፌዋ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስወርድ ብሔራዊ ሙዚየምን አልፋለሁ። ድንቅነሽ እዚያ አለች። የተገኘችው ኅዳር 1974 ሐዳር ላይ ነው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ። በዚያው በ1974 ቤሊችኮ የሚባል ኢንጂነርና ባልደረቦቹ የአከርካሪ ዲስክን በፋይናይት ኤለመንት ያሰሉበትን ጽሑፍ አሳተሙ፤ በዚህ ሥራ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዲስኩን ዙሪያውን እኩል የሆነ ክብ ነገር አድርገው ነው የወሰዱት፤ በጊዜው ኮምፒውተር ከዚህ በላይ ማለም አይቻልም። የሲዲው ነገር ከደረሰብኝ በኋላ ግን ድንቅነሽን ሳስብ የሚመጣብኝ ሌላ ነው። በ2015 ተመራማሪዎች የአከርካሪዋን ቁርጥራጮች እንደገና ሲመረምሩ አንዷ ትንሽ ቁራጭ የእሷ ሆና አልተገኘችም። የጭላዳ ዝንጀሮ ዘመድ የሆነ እንስሳ አጥንት ነበረች። 40 ዓመት ሙሉ የዓለም ሊቃውንት እያዩዋት! እኔ በሦስት ቀኔ ምን አስደነገጠኝ።

ትክክለኛው የአባዬ ወገብ እንግዲህ ይኸውላችሁ። ከላይ ያሉት ሁለት ዲስኮች ግራጫ ናቸው። ሦስተኛው ጥቁር። ኤል 4 እና ኤል 5 መሃል ያለው ጥቁር ብቻ አይደለም፣ ተደፍጥጧል፤ እንደ ሌሎቹ ትራስ ሳይሆን እንደ ታጠፈ ጨርቅ ነው። አጥንቶቹ ጠርዝ ላይ ምንቃር የመሰለ ትርፍ አጥንት አብቅለዋል። መጻሕፍት ላይ ያለው የዲስክ ቁጥር እዚህ ላይ አይሠራም፤ ውሃ የጠገበ ጄል ብዬ ልጽፈው አልችልም፣ ጄሉ የለም። በምን ልተካው? የተለያዩ ተመራማሪዎች የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። በ2014 በተለያየ አገር የተሠሩ ስምንት የጤነኛ ወገብ ሞዴሎችን አንድ ዓይነት ሸክም ጭነውባቸው አስተያይተው ነበር፤ የሁሉም መልስ ተለያየ፣ መሃለኛው ቁጥር ሲወሰድ ግን ለእውነተኛው ይበልጥ ቀረበ። እንደ ዕድር ስብሰባ ነው። ለጤነኛው ይህን ያህል ካልተስማማን ለተጎዳው ምን እንደምንሆን አስቡት። አማካሪዬ «የአንዱን ያዝ፣ ምክንያትህን ጻፍ፣ እለፍ» አለኝ። ያዝኩ፣ ጻፍኩ፣ አለፍኩ። ግን ደስ አላለኝም።

ሲቆም ያለውን ሸክም ሰጠሁት። ሠራ። ጎንበስ አደረግኩት። ሠራ። ከዚያ ኩንታሉን ጨመርኩ፣ 100 ኪሎ፣ 981 ኒውተን። ስሌቱ 62 በመቶ ላይ ቆመ። ሸክሙ የሚጨመርበትን ደረጃ አሳነስኩ፣ ሜሹን አሻሻልኩ፣ ሌሊቱን አስቀመጥኩት። 62። ስክሪኑ ላይ የታችኛው ዲስክ ጀርባው በኩል ቀይ ሆኖ ቀርቷል፤ ጫናው የበዛበት ቦታ ማለት ነው።

አባዬ ሻዩን ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ነበር። ቀዩ ምንድን ነው አለኝ፣ ነገርኩት። እጁን ያንን ቦታ ላይ አደረገ፣ የራሱ ወገብ ላይ።

«የምን ኩንታል ነው የጫንክበት?»

«እንዴት የምን? 100 ኪሎ ነው።»

«እኮ የምን? በቆሎ ነው፣ ጤፍ ነው?»

ልዩነት አለው እንዴ አልኩት። ኢንጂነር ሆኜ ይህን መጠየቄ አሁን ያሳፍረኛል።

«በቆሎ ይቆረቁርሃል፣ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ጤፍ ይፈስሳል። ጀርባህን መስሎ ይተኛል። እኔ ጤፍ ሲሆን ሁለት ጊዜ እመላለስ ነበር፣ በቆሎ ሲሆን አርፍ ነበር።»

እኔ ሸክሙን አንዲት ነጥብ ላይ ነበር የጫንኩት። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ለስሌት ይቀላል። አጠፋሁትና ሰፋ ባለ ቦታ ላይ፣ ትከሻው መሃል ላይ በተነው። ፋይሉን «ጤፍ 100» ብዬ ሰየምኩት። አባዬ ሊተኛ ሲሄድ በሩ ላይ ዞሮ «ማሸከሚያውን እንዳትረሳ፣ ሁለት ሰው ነው» አለኝ።

ይህን ስጽፍ እየሠራ ነው። 71 ላይ ደርሷል። መብራት አለ።